ንፍሮ የዘራሁበት ክረምት

ዘመናዊው ስንዴ የአርሲን ነባር ስንዴ ጎን ለጎን ተዘርቶ አሸነፈው ይባላል። ውሸት ነው። በጭላሎ ተራራ ግርጌ አሸነፈ የተባለበትን ውድድር ያካሄድኩት እኔ ነኝ። ውጤቱን ያወጅኩትም እኔ ነበርኩ። ተወዳዳሪውን የቀቀልኩትም እኔ ነኝ። ቀቀልኩት ስል ነገር ለማሳመር አይደለም፤ ድስት ጥጄ፣ ውሃ አፍልቼ፣ ዘሩን ጨምሬ ቀቀልኩት።

ይህን ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴ የምነግራቸው ኃጢአት አጥቼ ባላውቅም፣ ይህን አንዱን ግን ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ጾም ሳቆየው ኖሬያለሁ። ስለ ረሃብ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሳይንስ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ባለሥልጣንም ምሁርም ሳላስቀይም ያለፍኩበት ጽሑፍ ጥቂት ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ድስቱ የለም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ከንስሐ አባቴ አብልጬ ስለማምናችሁ አይደለም። ስታነቡኝ ፊቴን ስለማታዩት ነው።

እንባ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ከአሁኑ ተዉት። ይህ የሽንፈቴ ታሪክ ነው፤ በሕይወቴም እንደዚያ ሽንፈት ደስ ያሰኘኝ ነገር የለም።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ነው። ከግብርና ትምህርት ቤት እንደወጣሁ አሰላ ተመደብኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካኪ ሱሪ፣ ቦት ጫማ፣ ሁለት ደብተር ሙሉ እውቀት ይዤ ነበር የሄድኩት። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ስንዴ ለእኔ ከዳቦ ቤት የሚመጣ ነገር ነበር። ኦሮምኛ አንዲት ቃል አልችልም። እንዲህ ያለ ሰው አርሲ ሄዶ ገበሬ እንዲያስተምር መላኩን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን እኔም፣ የላኩኝም፣ ማናችንም አልሳቅንም።

ከከተማው በጋሪ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ ሰፊ መሬት የነበራቸው ፊታውራሪ ነበሩ። ቀይ ትራክተር ገዝተው ነበር። ትራክተሩን እንደ ሰርገኛ ፈረስ ይወዱታል፤ ዝናብ ሲመጣ የሚለብሰው ሸራ ጭሰኞቻቸው ከሚተኙበት ቤት ጣራ ይሻል ነበር። ትራክተር ደግሞ ሰፊና ወጥ ማሳ ይፈልጋል። የጭሰኞቹ መሬት በዛፍ፣ በአጥርና በግጦሽ ተቆራርጧል። ስለዚህ ዛፉም አጥሩም ግጦሹም ጭሰኛውም አንድ በአንድ መነሣት ጀመሩ። እኔም ይህን ልማት እያልኩ በሪፖርቴ እጽፍ ጀመር።

ፊታውራሪው ከሁሉ አብልጠው የፈለጉት መሬት መሐል ላይ የአዴ ሐሊማ ማሳ ነበረች። «አዴ» እዚያ አገር ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት ቃል ነው፤ ለወንዱ «ኦቦ» ይባላል። አዴ ሐሊማ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ማሳውን የሚያርስላቸው የባላቸው ወንድም ኦቦ ገመዳ ነው፤ ዘር የሚመርጡት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አጨዳ ሲደርስ ከአጫጆቹ ቀድመው ማሳውን እየዞሩ ዛላ ይለቅማሉ። ትልቁን ብቻ አይደለም የሚለቅሙት። ከነጩም፣ ከቀዩም፣ ከሐምራዊውም፣ ከጢማሙም፣ ከመላጣውም፣ ከረጅሙም፣ ከአጭሩም በሻሻቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ያስቀምጡታል፤ አንድ ላይ ይዘሩታል። እኔ በደብተሬ የነበረኝ ስም «ቆሻሻ ዘር» የሚል ነበር። ወጥ ያልሆነ ዘር ሁሉ ቆሻሻ ነው ተብለን ነው የተማርነው።

እንዲነሡ በተነገራቸው ጊዜ አዴ ሐሊማ ሽማግሌ ይዘው ፊታውራሪው ዘንድ ሄዱ። መሬቱ ከእኔ ጋር ያነሰ እህል ሰጥቶ አያውቅም፣ ለምን እነሣለሁ አሉ። ፊታውራሪው ክርክር ይወዳሉ፤ እንግዳ መጋበዝና ነገር በአደባባይ ማሳየት ከዚያም ይበልጥ ይወዳሉ። ስለዚህ ማሳው ለሁለት ይከፈል፣ በአንዱ በኩል አዲሱ የመንግሥት ዘር፣ በሌላው በኩል የሐሊማ ዘር ይዘራ፣ የእሷ ካልተበለጠ ማሳዋን ይዛ ትኑር፣ ከተበለጠ ትነሣ ብለው ፈረዱ። አድልዎ እንዳይኖር ሁለቱንም የሚዘራው የተማረው ልጅ ይሁን አሉ። የተማረው ልጅ እኔ ነበርኩ።

አዴ ሐሊማ ዘራቸውን በስልቻ አድርገው በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ስላልገባኝ በገበያ አማርኛቸው ደገሙልኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ ማለቴ ነው፤ ይሄ ቤቴ ነው። ስልቻ ውስጥ ስለገባ እህል መሰለህ እንጂ ቤቴ ነው።»

አደራ ማለት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አላውቅም አልልም። አውቅ ነበር። ስልቻውን ተቀብዬ ጋሪው ላይ ጫንኩና ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ከሁለቱም ዘር ጥቂት ጥቂት ወስጄ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። ይህ በትምህርት ቤት የተማርነው የብቅለት ሙከራ ነው። በአራተኛው ቀን ስፈታው የእሳቸው ዘር እየተሽቀዳደመ ነጭ ሥር አውጥቷል። የእኔው፣ በጭነት መኪና ላይ ዝናብ የመታው የመንግሥት ዘር፣ ግማሹ ተኝቷል። ጨርቁን መልሼ ጠቀለልኩት፤ እንዳላየሁ ልሆን ፈለግሁ። ለፊታውራሪው፣ ለአለቃዬ፣ ሰላም ላለኝ የአሰላ ሰው ሁሉ እንደማሸንፍ ተናግሬያለሁ። አሁን ምን ልበል? ዘሬ ረጥቧልና ጠብቁኝ ልበል? እንዲያ ማለት ይቻል ነበር። ማንም አይሰቅለኝም ነበር። እኔ ግን አላልኩም።

አንድ ነገር እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያት እንዲሆነኝ ሳይሆን ይበልጥ እንድትጸየፉት። እውነት ከእኔ ጋር መሆኗን ለአንዲት ደቂቃ አልተጠራጠርኩም። አዲሱ ዘር እንደሚበልጥ መጽሐፉ ላይ አንብቤያለሁ። እውነት ለጊዜው ደከም ብላ ስላገኘኋት ላግዛት አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ፤ እውነትን ሊያግዛት እንደተነሣ ወጣት ግን የሚያስፈራኝ የለም።

የግንቦት እሑድ ነበር። የቤት አከራዬ እማማ በላይነሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። የላምባ ምድጃዬን ለኮስኩ፣ ድስት ጣድኩ፣ ውሃ አፈላሁ። ስልቻውን ፈታሁ። ሁሉንም አልቀቀልኩም፤ ያን ያህል ቂል አልነበርኩም። ከግማሹ ትንሽ በለጥ ያለውን እየከፋፈልኩ ቀቀልኩት። ከዚያ ግቢ ውስጥ ጆንያ አንጥፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የእማማ በላይነሽ ዶሮዎች ወረሩት፤ ስከላከል ዋልኩ። እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲገቡ ጆንያው ላይ ጎንበስ አሉና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የዘር ሕክምና ነው አልኳቸው። አንዲት ፍሬ አንስተው አላመጡ።

«ጨው ረስተሃል» አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሳቅሁ። አዎ፣ በዚያ ቀን ስቄያለሁ። የቀቀልኩትን ካልቀቀልኩት ጋር ቀላቅዬ ወደ ስልቻው መለስኩት፤ አፉንም እሳቸው እንዳሰሩት አድርጌ አሰርኩት። የረጠበውን የመንግሥት ዘር ደግሞ ጥቅጥቅ አድርጌ እዘራዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በሰኔ መጨረሻ ሁለቱንም ዘራሁ። አዴ ሐሊማ ዳር ቆመው ያዩኛል። እያዩኝ እጄን ሞልቼ በተንኩት። እንዴት ቻልኩ እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

የእኔ ወገን ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። የእሳቸው ወገን ላሽ እንደበላው ራስ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ አለ። በኅዳር ፊታውራሪው ድንኳን ተክለው እንግዶች ጠሩ። በሬ ታረደ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። ንግግር አድርግ ተባልኩና አደረግሁ። ነባሩ ዘር አርጅቷል፣ የመብቀል ኃይሉ ሞቷል፣ የሞተን ዘር መዝራት መሬቱን መበደል ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ፊታውራሪው ሐሊማ ከሚያዝያ በፊት ትነሣ ብለው ፈረዱ። እኔም ቢሮ ገብቼ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ከታች ስሜን አስፍሬ ፈረምኩ። የአካባቢው ገበሬዎች ደግሞ የሞተ ዘር ይዘን ምን እናደርጋለን ብለው ለዘር ያስቀመጡትን ስንዴ ይፈጩት ጀመር። አዲስ ዘር ከቢሮዬ በሰልፍ ይወስዳሉ። እንደዚያ ወር የተከበርኩበት ወር የለም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት አዴ ሐሊማ ቢሮ መጡ። ሲንቄያቸውን ይዘዋል።

ሲንቄ ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ናት። ከብት አይነዱባትም፣ ሰው አይመቱባትም። ነገር ግን አንዲት ሴት ተበደልኩ ብላ ሲንቄዋን ይዛ ከጮኸች፣ የሰማች ባለትዳር ሁሉ እሳቱን ትታ፣ ጥጃውን ትታ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ። በዳዩ መጥቶ እግራቸው ላይ እስኪወድቅና እስኪክስ ድረስ አንዲቷም ቤቷ አትገባም። ላም ሳይታለብ ይቀራል፣ ወንዱ ይራባል፤ በመጨረሻ አገሩ በሙሉ በዳዩን አንገቱን ይዞ ያመጣዋል። ዳኛም ፖሊስም እንዲህ በፍጥነት ሲሠራ አላየሁም።

ቢሮ ውስጥ የነበሩት የአገሩ ተወላጅ ጸሐፊዎች በትሯን ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉ። አንዱ ግድግዳ ተጠጋ። አዴ ሐሊማ ማንንም አላዩም፤ እኔን በዓይናቸው ጠሩኝ። ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆምን። የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። ጥቂት የተጨማደዱ ፍሬዎች ነበሩ።

«ይሄን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

ዘር ነው አልኳቸው።

«ዘር አይደለም። ንፍሮ ነው።»

አንዷን ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«በዘራህ በአሥራ አንደኛው ቀን ቆፍሬ ነው ያወጣሁት። ስጨብጠው እንደ ሊጥ ሆነ። ስንት ልጅ ያሳደግሁት በምን ይመስልሃል? የበሰለ ስንዴ እጄ ያውቀዋል። ከዚያው ዘር ጓሮዬ ዘርቼ ነበር፤ ጓሮዬ አፈሩ አይታይም ነበር።»

በዚያ ሰዓት መውደቅ ነበረብኝ። የተማረ ሰው ግን ከመውደቅ በፊት ጥያቄ ይጠይቃል። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

«ጠበቅሁህ» አሉ። «ከሐምሌ ጀምሬ ጠበቅሁህ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ። በመከሩ ቀን ሰው ፊት ስትቆም፣ ይኸው አሁን ሊናገር ነው አልኩ። አንተ ዘሯ ሞቷል አልክ።»

አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ ሰው እንድሆን ጠበቁኝ። ማሳቸው ከእጃቸው እየወጣ፣ ቤታቸው እየፈረሰ፣ የእኔን አፍ ጠበቁ። እኔ ድስቱን አጥቤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ በሰላም ስተኛ ነበር። ዓይኔ ወደ ሲንቄዋ ሄደ። አዩኝ።

«አትፍራ። ብጮህ ሴቶቹ ይወጣሉ። አንተ ትወድቃለህ፤ በሬ ታርዳለህ፤ ሴቶቹ ይመርቁህና ወደ ቤታችን እንገባለን። ከዚያስ? ፊታውራሪው አንተን ያባርርና ሌላ ካኪ ለባሽ ያመጣል። ማሳዬ ያው ይሄዳል። እኔ በሬህን አልፈልግም። የሚመጣውን ሰኔ ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ውላቸውን ነገሩኝ። ውድድሩ ይደገም። ዘራቸውን ራሳቸው ይዘራሉ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ። ደግሞም ትራክተሩ የእሳቸውንም ወገን ይረስ፤ ያ ከከረጢት የሚወጣው ማዳበሪያም እሳቸው ማሳ ላይ ይበተን። እኩል ካላችሁ እኩል ነው አሉ። አፌን ከፍቼ አየኋቸው። እኔ ለአሮጌው ዘመን የቆሙ ሴት መስለውኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ትራክተሩን አልጠሉትም። የጠሉት እሳቸውን አስነሥቶ እንዲያርስ መፈለጉን ነው። ይህን ልዩነት እስከ ዛሬ የማያዩ ዶክተሮች አውቃለሁ።

ፊታውራሪው ዘንድ ሄድኩ። የአንድ ዓመት ሙከራ ሙከራ አይባልም አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ሳይንስን ለእውነት የተጠቀምኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው፤ ያውም ተገድጄ። ፊታውራሪው ግር አላቸው።

«አሸንፈህ ሳለ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ።

በሚመጣው ዓመት ከአዲስ አበባ ሳይቀር እንግዳ እንጠራለን አልኳቸው። ይህን ወደዱት።

«ይሁን። ከተሸነፍክ ግን ትራክተሩን እየገፋህ አሰላ ታደርሰዋለህ» አሉ፤ አሽከሮቻቸው ሳቁ።

ሰኔ ደረሰ። ቀዩ ትራክተር በአዴ ሐሊማ ማሳ ገባ። ከኋላው እየተራመዱ አፈሩን እያነሱ ያያሉ፤ ማረሻው ጠልቆ የገባ ሲመስላቸው ሾፌሩን በእጃቸው ምልክት ያቆሙታል። ሾፌሩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ ዞር እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። ዘሩን ኦቦ ገመዳና እሳቸው በተኑት። እኔ በውላችን መሠረት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜያለሁ። ኦቦ ገመዳ ይሄ ልጅ ወታደር ሆኗል እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። አዴ ሐሊማ ፈገግ አሉ፤ ምንም ግን አልነገሩትም።

በዚያ ዓመት ጉም ከጭላሎ ላይ ሳይነሣ ሰነበተ። በመስከረም መጨረሻ አዲሱ ስንዴ ማሳ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ካኪ ሱሪዬ ቢጫ ሆነ። በእጄ አራገፍኩት፤ እጄም ቢጫ ሆነ። ዋግ ነው። ስንዴውን ዋግ መታው። የመንግሥት ዘር ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ጉልበቱም አንድ፣ ድክመቱም አንድ። አንዱን የደፈረ በሽታ ሁሉንም ደፈረ። የፊታውራሪው ሰፊ ማሳ በሙሉ፣ ዘራቸውን ፈጭተው የበሉት ጎረቤቶች ማሳ በሙሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝጎ እንደተጣለ ቆርቆሮ ሆነ። ዛላው ቢታሽ የሚረግፈው አቧራ እንጂ ፍሬ አልነበረም።

ወደ አዴ ሐሊማ ወገን ተሻገርኩ። ቀዩ ተመትቷል። መላጣው ታሟል፣ ግን አልሞተም። ሐምራዊው ቆሟል። ጢማሙ ምንም እንዳልሰማ ቆሟል። ረጅሙ ለአጭሩ ነፋስ ከልክሎለታል። የታመመው በጤነኞቹ መካከል ተበታትኖ ስለቆመ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ አጥቷል። «ቆሻሻ ዘር» ያልኩት ማሳ ትከሻዬ ድረስ ሆኖ፣ ማዳበሪያውን ጠጥቶ፣ በትራክተር በታረሰው አፈር ላይ ይወዛወዛል። እዚያው መሐል ቆሜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ተሸንፌያለሁ። እንደዚያ የሞላ ደስታ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ድስቴ አልቻላቸውም!

በኅዳር ድንኳኑ ተተከለ፤ ከአዲስ አበባ የተጠሩት እንግዶች ግን የዋጉን ወሬ ሰምተው ኖሮ አልመጡም። የመጣው የአገሩ ሰው ነው። ፊታውራሪው ከአዴ ሐሊማ ማሳ አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት፤ እፍ ብለው ገለባውን አበረሩት፤ ፍሬውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጭሰኞቻቸው፣ አሽከሮቻቸው፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እየሰሙ ተናገሩ።

«ሐሊማ፣ ዘር ትሰጪኛለሽ?»

«ማሳዬስ?» አሉ አዴ ሐሊማ።

«ያንቺው ነው።»

«በሽማግሌዎቹ ፊት ይባል።»

ተባለ። ፊታውራሪው ቃላቸውን የጠበቁት ደግ ስለሆኑ አይደለም፤ በጎተራቸው የሚዘራ ፍሬ ስላልነበረ ነው። በእኔ ዓይን ግን ይህ ድሉን ያሳድገዋል እንጂ አያሳንሰውም። የባለርስት ደግነት በማግስቱ ሊቀየር ይችላል። አዴ ሐሊማ ግን በደግነት ላይ አልቆሙም፤ በጎተራቸው ላይ ቆሙ። ከዚያ ዓመት በኋላ ያቺን ማሳ ልውሰድ ያለ አልነበረም። ትራክተሩም በየሰኔው ይመጣል፤ ያርስላቸዋል፤ ይሄዳል።

ዘር እዚያ አገር አይሸጥም፤ ይለዋወጣል። ዋግ የበላው ጎረቤት ሁሉ ቁና ይዞ መጣ። አዴ ሐሊማ ለሁሉም ሰፈሩ። ውላቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በሚመጣው ዓመት የወሰደውን ሲመልስ፣ ከማሳው ሳይታመም የቆመውን ዛላ ሁሉ ጨምሮ ያምጣ። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ፤ ለክስ ሳይሆን ለምስጋና። በትሮቹን ከፍ ዝቅ እያደረጉ እየዘመሩ ማሳውን ዞሩ። የአሰላ ባለጋሪዎች ሳይቀሩ ፈረሶቻቸውን አቁመው ያዩ ነበር።

እኔ ከድንኳኑ ጥግ ቆሜያለሁ። አዴ ሐሊማ ለሰው ሁሉ ምግብ ሲያዞሩ እኔ ጋ ደረሱና ሳህን ሰጡኝ። የስንዴ ንፍሮ ነበር።

«ብላ» አሉኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይሄ ለመብላት ነው።»

ሰው ለእንግዳ የተደረገ መስተንግዶ መሰለው። ጨርሼ በላሁ። አንዲት ፍሬ አላስተረፍኩም። ጨው ነበረው።

ነባሩ መልካም፣ አዲሱ ክፉ ነው ብላችሁ ይህን ወረቀት ልታጥፉት ከሆነ ግን ቆዩ፤ ያንን የሚሉ ሰዎችንም አልወዳቸውም። በማግስቱ አዴ ሐሊማን ያገኘኋቸው በተሸነፈው በእኔ ማሳ ውስጥ ነው። ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ዋግ ያልነካቸው ጥቂት የአዲሱ ዘር ዛላዎች አግኝተው በሻሻቸው ይቋጥሩ ነበር።

«እዚህም ውስጥ ጎበዝ አለ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

የመንግሥት ስንዴ በዚያች ሻሽ ጫፍ ገብቶ ከሐምራዊውና ከጢማሙ ጋር ዘመድ ሆነ። ከትምህርት ቤቱ፣ ከቢሮው፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ዘመናዊዋ ገበሬ እሳቸው ነበሩ። በኋላ የመጡት የተሻሻሉ ዘሮች ብዙ ሆድ ሞልተዋል፤ እኔም ዳቦውን በልቻለሁ፤ አልክድም። የምናገረው ስለ ዘሩ አይደለም። ስለ እኔ ነው።

አሁን ኃጢአቴ በድል ተጠናቀቀ ብላችሁ ልትለቁኝ ትችላላችሁ። አትልቀቁኝ። አዴ ሐሊማ አሸነፉ፤ እኔ ግን አልተናዘዝኩም። በሁለተኛው ዓመት ሪፖርት «ያልተለመደ የአየር ጠባይ» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ሪፖርት አላነሣሁትም። «የአካባቢው ስንዴ የመብቀል ኃይሉን አጥቷል» የሚለው መስመር በማኅተም ላይ ማኅተም እየተመታበት ወደየወረዳው ሄደ። አንዲት ደብዳቤ ብጽፍ ይቆም ነበር። አልጻፍኩም። ለምን? ዕድገት እየጠበቅሁ ነበር፤ አገኘሁም።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ እዚያው አርሲ ውስጥ አርቦዬ የምትባል ቦታ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋ ተቀመጥኩ። የድሮ ስንዴያችሁ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከመንግሥት ወረቀት መጥቶ ዘራችሁ አይበቅልም ተባልን፣ እኛም በላነው አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ።

«ጣፋጭ ነበር።»

እዚያ አዴ ሐሊማ አልነበሩም። ቆፍሮ ፍሬውን የጨበጠ፣ ጓሮው ውስጥ ያስቀረ አልነበረም። በመላው አውራጃ ስንት ዓይነት ስንዴ በእኔ ፊርማ እንደተበላ አላውቅም፤ ማወቂያም የለኝም። ንግግሬን ሰምተው ከበሉት ይልቅ ወረቀቴን አንብበው የበሉት ያሳፍሩኛል፤ እነዚያ ፊቴን እንኳ አይተው ሊጠራጠሩኝ አልቻሉም።

አዴ ሐሊማ ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ። ማሳውን ከያዙ በኋላ ዳግመኛ አላነሡብኝም። እኔም በፊታቸው «ቀቀልኩት» የምትለዋን ቃል አንድ ቀን እንኳ ሳልናገር ቀረሁ። አውቀውት የነበረውን ነገር ከአፌ ሊሰሙት ይፈልጉ ነበር፤ ከሐምሌ እስከ ዕለተ ሞታቸው። ከለከልኳቸው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሲሞቱ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ዘመኑ ነው፣ አለቆቼ ናቸው፣ ፊታውራሪው ናቸው አልልም። ምድጃውን የለኮሰው እጅ የእኔ ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅር የማለት መብቱ የእናንተ አይደለም።

የምለምናችሁ ሌላ ነው። ያ ሪፖርት ከአንድ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ዛሬም ተቀምጧል፤ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይጠቅሱታል። ከእናንተ አንዳችሁ እጃችሁ ይገባ ይሆናል። እስክሪብቶ አውጡና ስለ ዘሩ የጻፍኩትን መስመር ሰርዙት። ስሜን ግን እንዳትነኩት።